ልዑሉ እስኪመጣ አልነሳም ያለችው ልጅ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን መከታተል ከጀመርኩ ቆየሁ። ለሌላው ሰው የሚሰጡትን መልስ ለራሴ እያደረግኩ ነበር የማነበው። አሁን ግን የራሴ ጉዳይ እንቅልፍ ነሳኝና ልጽፍልዎ ተነሳሁ።

የ8 ዓመት ወንድና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ሴቷ ልዕልት ከሆነች ዓመት አለፋት። እህቴ ለልደቷ ሮዝ ቀሚስና የፕላስቲክ ዘውድ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ልብስ ማልበስ ትግል ነው። የምታየው ፊልም የልዕልት ነው፤ የምትስለው ልዕልት ነው፤ ማታ አንብቢልኝ የምትለኝም የልዕልት ተረት ነው። በስሟ ስጠራት አቤት አትልም። «ልዕልት» ማለት አለብኝ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም። በኋላ ግን ሁለት ነገሮች አስደነገጡኝ። አንዱ ፎጣው ነው። ቢጫ ፎጣ ራሷ ላይ ታስርና ጫፉን ጀርባዋ ላይ ትለቀዋለች። «ይሄ ፀጉሬ ነው» ትላለች። አንድ ቀን ገላዋን ሳጥባት «እማዬ፣ የእኔ ፀጉር ለምንድነው ወደ ታች የማይወርደው?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ያንቺም እኮ ቆንጆ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ሌላው የባሰብኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳሎን ስገባ ሶፋው ላይ በጀርባዋ ተጋድማ አገኘኋት። ቀሚሱን ለብሳለች፣ ዘውዱን አድርጋለች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ዓይኗን ጨፍናለች። «ምነው፣ አመመሽ?» አልኳት። ከንፈሯን እንኳ በደንብ ሳትከፍት «ተኝቻለሁ። ልዑሉ መጥቶ እስኪቀሰቅሰኝ አልነሳም» አለችኝ። ልዑሉ ወንድሟ ነበር። እሱ ደግሞ ጨዋታውን ረስቶ ውጭ ኳስ ይጫወታል። ሥራዬን ጨራርሼ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስመለስ ያው እንደተኛች ናት። አንጀቴ ተላወሰ። ልጄ ተነሺ የሚላትን ሰው እየጠበቀች ስታድግ ታየኝ።

ያን ቀን ማታ ቀሚሱንና ዘውዱን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ደበቅኳቸው። ጠዋት ስትጠይቀኝ «ጠፋ» አልኳት። ይኸው አምስተኛ ቀኗ ነው፤ አልጋ ሥር ሳይቀር እየገባች ትፈልጋለች። ባለቤቴ «ልጅ ናት፣ ተያት፤ ያልፍላታል» ይላል። እህቴ ደግሞ «የልጅቷን ደስታ ነጠቅሻት» ብላ ተቆጣችኝ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው ያገባሁት። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር ጸብ የለኝም። ግን ልጄ እንደ እኔ እንድትሆን አልፈልግም። ቀሚሱን ልመልስላት ወይስ ልጣለው? ተረቶቹንስ ላስቁማት? እባክዎ አንድ ነገር ይበሉኝ።

የልዕልት እናት

መልስ

ውድ የልዕልት እናት፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሶፋ ላይ ከተኛችው ይልቅ አልጋ ሥር ገብታ የምትፈልገው ልጅ ናት ከዓይኔ አልጠፋ ያለችው። ስለዚህ ከቀሚሱ ልጀምር። እሱ ዛሬ ማታውኑ የሚያልቅ ነገር ነው።

መልሺላት። ስትመልሺላት ግን «ወድቆ አገኘሁት» እንዳትያት። አጠገቧ ቁጭ በይና ዓይን ዓይኗን እያየሽ ንገሪያት፦ «ቀሚስሽ አልጠፋም። እኔ ነኝ የደበቅኩት። ጨዋታሽ አስፈርቶኝ ነበር። ልነግርሽ ሲገባኝ ዋሸሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ከዚህ በላይ አታብራሪ። ልታለቅስ ትችላለች። ልትቆጣሽም ትችላለች። ከተቆጣች «ልክ ነሽ» በያት። የተበደለ ሰው ተበድያለሁ ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር እንደሚችል ልጅ የሚማረው ከእንዲህ ያለ ቀን ነው። ይህ ደግሞ ሲያድጉ እንዲኖራቸው የምንመኝላቸው ነገር ነው።

እየወቀስኩሽ አይደለም። ደንግጠሽ ነው ያደረግሽው። እኔም በተመሳሳይ ፍርሃት የልጄን አሻንጉሊት ሳልነግራት ለሰው ሰጥቼባት አውቃለሁ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆናም ታነሳብኛለች። ስለ አሻንጉሊቱ ግድ የላትም። «ለምን አልነገርሽኝም?» ነው የምትለኝ።

አሁን ወደ ሶፋው እንምጣ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሃያ ደቂቃ ልጅሽ ማንን ነበር የጠበቀችው? አንቺ ያየሽው ልዑሉን ነው። ልዑሉ ግን ወንድሟ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ነው፤ ኳስ አለው፣ ጓደኞች አሉት። ከታናሽ እህት ጋር መጫወት ማሳፈር የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ምናልባት ልጅሽ ሶፋው ላይ ሆና የጠበቀችው ወንድሟ ጨዋታውን አስታውሶ እንዲመለስላት ይሆናል። ልሳሳት እችላለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ። ግን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? «ያን ቀን ተኝተሽ ስትጠብቂ ምን ታስቢ ነበር?» ብትያት ምን የምትልሽ ይመስልሻል? ጸጉሯን ስትሠሪ ወይም ስታለብሻት፣ ሌላ ሥራ ላይ ሆነሽ እንደ ቀልድ ጠይቂያት። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ ከጠየቅሻት የምትፈልጊውን መልስ ገምታ ትነግርሻለች። ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ከፊታችን ላይ ያነባሉ።

ደግሞ ሃያ ደቂቃ! የ5 ዓመት ልጅ ያን ያህል ጊዜ ሳትንቀሳቀስ መቆየቷ ገርሞኛል። አንቺ ደካማነት መስሎሽ ደነገጥሽ። እኔ ያየሁት የጀመረችውን ነገር እስከ መጨረሻው የምትይዝ ልጅ ነው። ይህ ፀባይ ነገ የት እንደሚያደርሳት ማን ያውቃል? አታጥፊባት።

ባለቤትሽ «ያልፍላታል» ማለቱ ግማሽ እውነት አለው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ልጆች ሴትና ወንድ የሚለውን ነገር ገና እየፈቱት ነው። ልጅሽ ሴት መሆኗን ታውቃለች። ፀጉሬ ቢቆረጥስ፣ ሱሪ ብለብስስ ያው ሴት ነኝ ወይ የሚለው ግን ገና በደንብ አይጠራላትም። ስለዚህ በዓይን የሚታየውን ምልክት ሙጭጭ አድርጋ ትይዛለች። ቀሚስ፣ ሮዝ፣ ረጅም ፀጉር። 6 እና 7 ዓመት ላይ ነገሩ ሲጠራላቸው ብዙ ልጆች ሮዙን ራሳቸው ይጥሉታል። አንዳንዷማ ጭራሽ ዓይኑን ማየት ትጠላለች።

ጥናቱም ለሁለታችሁም በከፊል ይፈርዳል። አሜሪካ ውስጥ ሳራ ኮይን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ 198 ሕፃናትን ለአንድ ዓመት ያህል ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2016 ያገኙትን አሳትመዋል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በዲዝኒ ልዕልቶች ይበልጥ የተያዙት ልጆች ከአንድ ዓመት በኋላ «የሴት» በሚባለው ጨዋታና ፀባይ ይበልጥ ታጥረው ተገኙ። ስለዚህ ስጋትሽ ከሜዳ አልመጣም። ይህቺው ተመራማሪ ግን በ2021 ሌላ ነገር ይዛ መጣች። በሕፃንነታቸው ልዕልት ይወዱ የነበሩ ልጆች 10 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ስለ ሴቶች ቦታ ያላቸው አመለካከት ይበልጥ የሰፋ ሆኖ አገኘችው። እኔ ከሁለቱ የምወስደው ይህን ነው፦ የ5 ዓመት ልጅ ቀሚስ የ20 ዓመት ሴት ዕጣ አይደለም። በመሃል ብዙ ዓመት አለ። በዚያ መሃል ደግሞ አንቺ አለሽ።

ተረቶቹን ላስቁማት ወይ ላልሽኝ፣ አታስቁሚያት። ጨምሪላት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ እናቶች የማያውቁት ነገር ስላለ ነው። እኛ ልጆቻችን የሚያዩትን ፊልም ተረቱ ራሱ ይመስለናል። ተረቱ ግን አንድም ቀን ባለበት ቆሞ አያውቅም። ሲንደሬላን እንውሰድ። የመስታወት ጫማውን፣ ሠረገላ የሚሆነውን ዱባ የጻፈው ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ነው፤ በ1697። ጀርመናውያኑ ወንድማማቾች ግሪም በ1812 ባሳተሙት ላይ ዱባም የለም፣ ዘንግ የያዘች ምትሃተኛ ሴትም የለችም። ልጅቷ እናቷ መቃብር ላይ ዛፍ ትተክላለች፤ ልብሱን የምታገኘው ከዛፉ ነው። ከእነሱ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በ9ኛው መቶ ዘመን ቻይና ውስጥ የተጻፈ ተመሳሳይ ተረት አለ። እዚያ ደግሞ ልጅቷን የሚረዳት የዓሣ አጥንት ነው፤ ጫማዋም የወርቅ ነው። ያው አንዲት ልጅ ናት። ነጋሪዋ በተለወጠ ቁጥር ግን የሚያለብሳትም የሚያወጣትም ይለወጣል።

መሳሙስ? አንቺን ያስጨነቀሽ እሱ ነው አይደል፤ ልዑሉ መጥቶ ካልሳማት የማትነቃዋ። ግሪሞች የጻፏት ስኖው ዋይት፣ የተመረዘ ፖም በልታ የሞተች የመሰለችው ልዕልት፣ በመሳም አይደለም የነቃችው። በኋለኛው እትማቸው የሬሳ ሳጥኗን የተሸከሙት ሰዎች ይደናቀፋሉ፤ ሳጥኑ ሲናወጥ ጉሮሮዋ ላይ የቀረው የፖም ቁራጭ ይወጣና ትነሳለች። የእንቁራሪቷ ልዕልት ደግሞ የባሰች ናት። እንቁራሪቱን አልሳመችውም። «አልጋሽ ላይ ልተኛ» ብሎ ሲነዘንዛት በንዴት ብድግ አድርጋ ግድግዳ ላይ ወረወረችው። ልዑል የሆነው ያኔ ነው። ይህ የግሪሞች መጽሐፍ የመጀመሪያው ተረት ነው፤ ተደብቆ የቀረ ነገር አይደለም። ይህን ለልጅሽ ስትነግሪያት ፊቷን ማየት ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

አንቺም እንግዲህ ከተረት ነጋሪዎቹ አንዷ ነሽ። ማታ ስታነቢላት አንድ ቦታ ላይ መጽሐፉን ዝቅ አድርጊና «እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው» ብለሽ ለውጪው። «የቱ ይሻላል?» በያት። የድሮውን ከመረጠችም ተያት። ለክርክር አይደለም። ተረት የሚለወጥ ነገር መሆኑን አንዴ ካወቀች ራሷ መለወጥ ትጀምራለች።

ልጅሽ ስለተጫወተችው ስለዚያው ስለተኛችው ልዕልት ደግሞ አንድ ነገር ላጫውትሽ። ዲዝኒ ፊልም ያደረገው በ1959 ነው። ካርመን ፎትና ካረን አይዘንሃወር የተባሉ ሁለት የቋንቋ ተመራማሪዎች በልዕልት ፊልሞች ውስጥ ማን ስንት እንደሚናገር ቆጥረዋል። በዚህ ፊልም ከንግግሩ 71 በመቶው የሴቶች ነው። ልዕልቷ ግን ተኝታለች። ታዲያ ማን ነው የሚናገረው? ክፉዋ አስማተኛና ሦስቱ ደጎች ናቸው። ልዑሉን ከእስር የሚያስፈቱት እነዚያ ሦስት ሴቶች ናቸው። ሰይፉንና ጋሻውንም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ልዑሉ ከጉድጓዱም አይወጣ። በ1989 በወጣው፣ ግማሽ አካሏ ዓሣ በሆነችው ልጅ ፊልም ግን 68 በመቶው ንግግር የወንዶች ነው። እሷ ደግሞ እግር ለማግኘት ድምፅዋን የሸጠች ናት። ስለዚህ አዲስ ሁሉ ይሻላል፣ የድሮ ሁሉ ይጎዳል ብለሽ እንዳትከፋፍዪ። ፊልሙን አብረሻት እይና እንደ ጨዋታ «እስቲ ማን ነው ብዙ የሠራው?» በያት። ትቁጠርልሽ። የ5 ዓመት ልጅ መቁጠር ትወዳለች።

«ሺህ አንድ ሌሊቶች» በተባለው የድሮ ተረት መጽሐፍ ውስጥ ያለችውን ሸህራዛድንም አትርሺ። የንጉሥ አማካሪ ልጅ ናት። ንጉሡ ያገባትን ሴት ሁሉ በማግስቱ ያስገድል ነበር፤ እሷ ሌሎች ሴቶችን ከሞት ለማዳን ብላ በገዛ ፈቃዷ ቤቱ ገባች። መሣሪያዋ ተረት ነበር። በየሌሊቱ ጀምራ መሃል ላይ እያቆመች አሳደረችው። ግድያውን ለትልቅነቷ ተዪውና ለልጅሽ «ንጉሡ ተቆጥቶ ነበር፤ እሷ ተረት እየነገረች አበረደችው» ብትያት ይበቃል። ከዚያ አንድ ማታ አንቺም ተረትሽን መሃል ላይ አቁሚና «ቀሪውን ነገ» በያት። ምን እንደሚሰማት ታዪዋለሽ።

ወደ ፎጣው ልመለስ። ይህኛው ከሶፋው በላይ ከበድ ይለኛል። «ያንቺም እኮ ቆንጆ ነው» ስትያት ክፉ አልመለስሽም። ግን የጠየቀችሽ ቆንጆ ነኝ ወይ አይደለም። ለምን አይወርድም ነው ያለችው። ይህ የሳይንስ ጥያቄ ነው፤ የሳይንስ መልስ ስጫት። መስታወት ፊት ቁሙ። ከፀጉሯ አንድ ዘለላ በሁለት ጣትሽ ያዢና ቀስ አድርገሽ ወደ ታች ሳቢው። «አየሽ፣ ይወርዳል። ረጅም ነው።» ከዚያ ልቀቂው። ተጠቅልሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። «ያንቺ ፀጉር ከሥሩ ሲወጣ ጀምሮ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። እንደ ስፕሪንግ ነው።» እሷም ትሳበው፣ ትልቀቀው። ያንቺንም ትሳብ። ሳትስቁ አትቀሩም። ስለ ቁንጅና አንድም ቃል መናገር ላያስፈልግሽ ይችላል።

ያየችው ነገር ግን እውነት መሆኑንም አትካጃት። ዲዝኒ የመጀመሪያውን የልዕልት ፊልሙን ያወጣው በ1937 ነው። ጥቁር ልዕልት ያለችበት የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በ2009 ነው። 72 ዓመት! ልጅሽ ዓይኗ አልዋሸም። «በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ እንዳንቺ ያለ ፀጉር ያላቸው ልዕልቶች ጥቂት ናቸው። ሥዕሎቹን የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ሳይስሏቸው ቀርተው ነው» በያት። ጥፋቱ ከፀጉሯ ላይ ይነሳና ወደ ሥዕሉ ይሄዳል። ከዚያ ወረቀትና ቀለም ስጫት። እሷ ትሳል። በዚያኛው የ2009 ፊልም ያለችው ልጅ ደግሞ ሁለት ሥራ እየሠራች ሳንቲም የምታጠራቅም ናት። የራሷን ምግብ ቤት መክፈት ነው ሕልሟ። አብራችሁ እዩት።

አንድ ጥያቄ ግን ሳልጠይቅሽ አላልፍም። አንቺስ መስታወት ፊት ስትቆሚ ስለ ራስሽ ምን ትያለሽ? ልጅሽ አጠገብሽ እያለች ማለቴ ነው። «ወፈርኩ»፣ «ፊቴ ተበላሸ»፣ «ይሄ ፀጉር አስቸገረኝ» ትያለሽ? ብዙዎቻችን እንላለን። ከየትኛዋም ልዕልት በላይ የምታይሽ አንቺን ነው።

እህትሽን አታኩርፊያት። ልጅቷን ወዳ ነው። ስጦታዋን የነቀፍሽባት ስለመሰላት ነው የተቆጣችው። ደውዪላትና «ቀሚሱን መለስኩላት። አንድ ነገር ግን አግዢኝ» በያት። ምን እንድታግዝሽ ትጠይቂያት? ልጅቷን ስታገኛት «ውይ ስታምሪ!» ካለቻት በኋላ አንድ ሌላ ነገር እንድትጨምር። «ዛሬ ልዕልቷ ምን ሠራች?» ብላ ትጠይቃት። ይኸው ነው። ቆንጆ ማለት ክልክል አይደለም፤ የማንወዳት ይምሰላት እንዴ? ግን ዘመድ በመጣ ቁጥር የምትሰማው ስለ መልኳና ስለ ልብሷ ብቻ ከሆነ የልዕልት ሥራ መታየት ነው ብላ ብታስብ አይፈረድባትም። የሚቀጥለው ስጦታ ደግሞ ለልዕልቷ የሚሆን ዕቃ ይሁን። ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር፣ ገመድ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ሌሊት የሚመረመር ነገር አይጠፋም።

ባለቤትሽን ደግሞ ከዳር አውጪው። «ያልፍላታል» ብሎ ከሚቀመጥ ገብቶ ይጫወት። እሱ ይታሰር፣ እሷ ታስፈታው። ወንድሟም ቢሆን «ልዑል ሁን» ሲባል ቢሸሽ አይገርምም፤ መጥቶ ከመሳም ሌላ ሥራ አልሰጡትም። ዘንዶ ቢሆን ቶሎ የሚመጣ ይመስለኛል።

የምትጠነቀቂበት ነገር አለ ወይ ካልሽኝ፣ አለ። ለመቅጠን ብላ ምግብ መተው ከጀመረች፣ ቆዳዋን ወይም ፀጉሯን እጠላዋለሁ እያለች ከደጋገመች፣ ወይም ቀሚሱን ካልለበሰች ከሰው ጋር መጫወት እምቢ ካለች፣ ያኔ ከልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ተነጋገሪ። ከጻፍሽልኝ ውስጥ ግን ይህን የሚመስል አላየሁም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ስለ ራስሽ የጻፍሽው በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ነው። «ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው ያገባሁት» አልሽና ወዲያው «ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው» አልሽ። ማንም ሳይጠይቅሽ ተሟገትሽለት። አምናለሁ፣ ጥሩ ሰው ነው። ጥሩ ሰው አግብቶም ግን የቀረ ነገር ይቆጫል። ሁለቱ አይጣሉም። ያን ቀን ሶፋው ላይ ልጅሽን ስታዪ አንጀትሽ የተላወሰው ለእሷ ብቻ ነበር? ወይስ አንቺም የሆነ ቦታ ላይ «እስኪነግሩኝ ልጠብቅ» ብለሽ የተኛሽበት ነገር አለ? ለእኔ አትመልሺልኝ። ለራስሽ መልሺ።

መልሱ «አዎ» ከሆነ ሰማይ መቧጠጥ አይጠበቅብሽም። የድሮ የውጤት ወረቀትሽን ፈልጊው። የት እንዳለ ታውቂያለሽ? ከዚያ ወደተማርሽበት ቦታ ሄደሽ ወይም ደውለሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «ካቆምኩበት መቀጠል እችላለሁ? ምን ያስፈልገኛል?» ማታ ወይም በርቀት የሚሰጥ ካለም ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። እሺ ካሉሽ ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ጥሩ ሰው ነው ብለሽኛል። ይህን የምልሽ ለልጅሽ ምሳሌ እንድትሆኚ ብዬ አይደለም። ለራስሽ ብዬ ነው። እሷ ግን ጠረጴዛ ላይ ደብተር ዘርግተሽ ስታይሽ መጥታ «ምን እየሠራሽ ነው?» ማለቷ አይቀርም። ያኔ እርሳስ ስጫትና አጠገብሽ ትቀመጥ።

ቀሚሱን ዛሬ መልሺላት። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ፣ ኩርፊያው ሲለቃት፣ «እኔም ልጫወት?» በያት። ዘውዱን ካበደረችሽ አድርጊው። ሶፋው ላይ በጀርባሽ ተጋደሚ፣ እጆችሽን ደረትሽ ላይ አጣምሪ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። «ተኝቻለሁ። ልዑሉ መንገድ ጠፍቶታል። ማን ነው የሚቀሰቅሰኝ?» በያት። ከዚያ ዝም በይ። አትርጃት፣ ዓይንሽንም አትክፈቺ። እንዴት አድርጋ እንደቀሰቀሰችሽ ጻፊልኝ።